ጎተራው ሞላ፤ ሰውየውስ?

ጎበዝ! እስቲ እንነጋገር። ፎገራ ላይ ዛሬ የሰው ክብር የሚለካው በምንድነው? በሩዝ ኩንታል! ማን ስንት አስገባ፣ ማን ወረታ ላይ ፎቅ ሠራ፣ ማን ሲኖትራክ ገዛ ነው ወሬው ሁሉ። «ጎረቤትህስ ምን በላ?» የሚል ግን የለም።

ሩዙን አልጠላንም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ ላይ ያስሞከሩት ሩዝ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ለብዙ ቤት እንጀራ አደረገው። እሰየው! ጠባችን ከሩዙ ሳይሆን ሩዙን ጣዖት ካደረገው ሰው ጋር ነው።

ስመ ጥሩው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት የጋራ ሜዳ እየታረሰ፣ እየታረሰ፣ ከብቱ መድረሻ አጣ፤ ዝርያውም መነመነ። ድንበር መግፋት፣ በአዝመራ ጊዜ ከችግረኛ በርካሽ ገዝቶ ክረምት ላይ ለዚያው ችግረኛ በውድ መሸጥ «ብልጠት» ተባለ። ይኸው «ብልጥ» ታዲያ እሑድ ጠዋት ነጠላውን መስቀለኛ ለብሶ ከፊት ይቆማል። ምንጣፍና ጥላ ይሰጣል፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራለታል። አባቶቻችን ሆይ፣ ይቅርታ አድርጉልንና፣ ብሩ ከማን እንደተቀማ ሳትጠይቁ ለምን ትመርቃላችሁ? እግዚአብሔር ምንጣፍ ቸገረው እንዴ?

ሉቃስ ምዕራፍ 12 ላይ ያለውን ባለጠጋ እናውቀዋለን። እህሉ ቢበዛበት ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ አሰበ፤ ለብዙ ዓመት ተመቻቸሁ አለ። በዚያው ሌሊት ተጠራ። ልብ በሉ፣ ሰረቀ አልተባለም! ጥፋቱ ለራሱ ብቻ ማከማቸቱ ነው። ሳይሰርቅ ያከማቸው ሞኝ ከተባለ፣ ድንበር የገፋውማ ምን ሊባል ነው?

ምስክር ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራን ግንብ እዩ። የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ ጣናን ቁልቁል እያየ ፈርሷል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አድባራት ያስጋዙት ንብረት መቅደላ ገባ፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱት። ንጉሥ ያልያዘውን ሀብት የሩዝ ነጋዴ ይይዘዋል? በ1998 ዓ.ም. ክረምትስ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ የባለጠጋውን ማሳ ለይተው ዘለሉት?

ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄደ ያውቀዋል። እዚያ ጉማራ ዳር ባለፎቁም ቀን ሠራተኛውም ልብሱን አውልቆ ነው የሚገባው። ቁርጥማቱም ያው፣ ቁስሉም ያው። መቃብርም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ ከዚያ ወጥቶ ካፖርቱን መልሶ የሚደርብ አለመኖሩ ነው።

እናስ ጌቶች? ለተዝካራችሁ የሚታረደውን በሬ ከምትቆጥሩ፣ የገፋችሁትን ድንበር በቁማችሁ መልሱ። ዘኬዎስ ምንጣፍ አልሰጠም፤ ያለ አግባብ የወሰድኩትን አራት እጥፍ ልመልስ ብሎ ቃል ገባ እንጂ። እናንተ አራት እጥፉ ይቅርባችሁ። የወሰዳችሁትን ብቻ እንኳ መልሱ!