የናሙና ንጽሕና ከእርሻው ይጀምራል

ዚንክ በአፈር ውስጥ መጠኑ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፥ ሲጎድል ሰብሉ ይቀጭጫል፤ እህሉን የሚበላውም ሰው ይጎዳል። ይህን ጥቂት መጠን የሚለካው ዘመናዊ መሣሪያ፥ በአሲድ የሟሟውን ናሙና ከ6,000 ዲግሪ በላይ በጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ አሳልፎ አቶሞቹን እንደየክብደታቸው ይለያል፤ ከቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አያመልጠውም። በ2021 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣው የኢትዮጵያና የማላዊ እህል ጥናትም፥ የአንድ ዓይነት እህል ንጥረ ነገር እንደ በቀለበት ስፍራ እንደሚለያይ በዚሁ ዓይነት ልኬት አስረድቷል።

ነገር ግን መሣሪያው የቀረበለትን ይለካል እንጂ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። አፈሩ በዚንክ በተለበጠ ባልዲ ቢሰበሰብ፥ የባልዲው ዚንክ የእርሻው ሀብት መስሎ ይታያል። በሬ በአውድማ የረገጠው ጤፍ ከአፈሩ ሳይጠራ ቢመረመር፥ የአፈሩ ብረት የጤፉ ብረት ተብሎ ይጻፋል። በእንዲህ ያለ ቍጥር ላይ የተመሠረተ ምክር፥ የተራበውን ማሳ ጠግቧል ብሎ ገበሬውን ያለ ምርት ያስቀረዋል።

ስለዚህ ለመሣሪያው ገንዘብ ከመመደብ ጋር ናሙና ሰብሳቢውን ማስተማር ይገባል። ሰብሳቢው የፕላስቲክ ባልዲ፥ ያልዛገ አካፋና ንጹሕ ከረጢት ይያዝ፤ ገበሬውም ፍግ ወይም አመድ የፈሰሰበትን ማሳ ለይቶ ያመልክተው። ላቦራቶሪው ሊያርመው የማይችለው ስሕተት በማሳው ላይ የተሠራው ነውና።