ድንኳን ያልተተከለለት ኀዘን

በሳሪስ አቦ ሰፈር ከአንድ ቤት ሰው ያረፈ እንደ ሆነ የሚደረገው ነገር ሁሉ የታወቀ ነው። የእድሩ ጡሩምባ ሳይነጋ ይሰማል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ጎረቤት እንጀራውንና ወጡን፣ ንፍሮውንም ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ዘመድ ከአጠገቡ ያድራል። ነገር ግን በዚያው ሰፈር አንዲት ልጅ የምትወደውን ሰው በሞት ሳይሆን በመለየት ያጣች እንደ ሆነ፣ ጡሩምባ የሚነፋላት የለም።

ይህን እንድናስብ ያደረገችን ከዚሁ ሰፈር የምትኖር አንዲት እኅታችን ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተ ዘመድ ተስማምቶ፣ የሠርጉ ወር ተቆርጦ ሳለ፣ እጮኛዋ ሐሳቡን ለወጠ። እርስዋም ያጋጠማትን ስትነግረን እንዲህ አለች፦ «አባቴ የሞተ ጊዜ እስከ አርባው ድረስ ቤታችን ሰው አልተለየውም። ለዚህ ግን ያገኘሁት ‹ተዪው፣ የተሻለ ይመጣልሻል› የሚል ቃል ብቻ ነው። በማግሥቱም ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ሥራዬ ሄድሁ። ማታ ማታ ይጠብቀኝ የነበረው ከአቦ የባቡር ፌርማታ ስለ ነበር፣ ያንን ላለማየት ዙሪያውን ሄጄ ቤቴ እገባለሁ።»

የዚህች እኅት ነገር የብዙዎች ነው። ወንዶችም ቢሆኑ «ወንድ ልጅ ለሴት አያለቅስም» እየተባሉ ስላደጉ፣ ኀዘናቸውን ከመጠጥ ቤት ይዘውት ይገባሉ፤ እርሱ ግን ከዚያ ተከትሏቸው ይወጣል።

እኛ ልንናገር የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የፍቅር መለየት እውነተኛ ኀዘን ስለ ሆነ እንደ ኀዘን ሊያዝ ይገባዋል የሚል ነው። «ልቤ ተሰበረ» የሚለው ቃል ከንቱ አነጋገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የጃፓን ሐኪሞች፣ ከብርቱ ድንጋጤና ኀዘን በኋላ የልብ ጡንቻ በድንገት የሚደክምበትን ሕመም ገልጸው ጽፈዋል፤ የልቡ ቅርጽ የባሕር እንስሳ ከሚያጠምዱበት ማሰሮ ጋራ ስለሚመሳሰል «ታኮትሱቦ» አሉት። አብዛኞቹ ሕመምተኞች በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። በ2010 ደግሞ ሄለን ፊሸርና ባልደረቦቿ በአሜሪካ፣ በፍቅር የተተዉ ሰዎችን አእምሮ በመሣሪያ መርምረው፣ የተለያቸውን ሰው ሥዕል ባዩ ጊዜ የሚነቃው ክፍል ከሱስ ጋራ የተያያዘው እንደ ሆነ አስታወቁ። ስለዚህ የተለየውን ሰው ለማየት መቸኮል የጠባይ ድካም ብቻ እንዳይመስለን።

አሁን የአባቶቻችንን ሥርዓት እንመልከት። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ይቈጠራል። ቀኖቹ እየራቁ መሄዳቸውን አስተውሉ። ሥርዓቱ ኀዘንተኛውን «ዝም በል» አይለውም፤ ነገር ግን «ዘላለም አልቅስ» ብሎም አይተወውም። ኀዘን አንድ ቀን ተቆርጦ የሚጣል ሳይሆን፣ መምጫው ቀስ በቀስ እየራቀ የሚሄድ እንግዳ መሆኑን ያስተምረናል።

ወሰን ያጣ ኀዘን ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማወቅ ታሪካችንን ማየት ይበቃል። አፄ ቴዎድሮስ እጅግ የሚወዷቸው የራስ ዓሊ ልጅ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉባቸው፤ ብዙም ሳይቈይ ወዳጆቻቸው ፕላውዴንና ጆን ቤል ተገደሉ። የንጉሡ ቍጣ የበረታበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ከነዚህ ኀዘኖች ወዲያ ጠባያቸው እየከረረ እንደ ሄደ ይጽፋሉ። መካሪ ያጣ ኀዘን በንጉሥም ይበረታል ማለት ነው።

እንግዲህ ልባችሁ የተሰበረ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ አልቅሱ፣ ነገር ግን ብቻችሁን አታልቅሱ፤ ምስጢር ለሚጠብቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ንገሩ። ምግብና እንቅልፍ አታጓድሉ። የተለያችሁን ሰው ፎቶግራፍና የስልክ መልእክት በየሰዓቱ አትክፈቱ፤ ከቀብር በኋላ መቃብር እየከፈተ የሚያይ የለምና። ጄምስ ፔንቤከር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1986 እንዳሳተሙት ጥናት፣ ለ4 ቀን በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል የልብን ኀዘን በወረቀት ማስፈር ለጤና ይረዳል፤ የተጻፈውን ለማንም ማሳየት አያስፈልግም። እስከ አርባ ቀን ድረስ ብትችሉ ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፤ ሥራ መልቀቅም፣ አገር ጥሎ መሄድም፣ ይልቁንም በእልክ ሌላ ማግባት ይቈይ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጃችሁን ለማጽናናት ብላችሁ የተለያትን ሰው አትስደቡ፤ ገና ትወደዋለችና፣ ከኀዘንዋ በላይ እርሱን የመከላከል ሸክም ትጨምሩባታላችሁ። «የሰው መሳለቂያ ሆን» ብላችሁም አትውቀሱዋት፤ በሠርግ ፋንታ የተመለሰ ሽማግሌ ከተሳሳተ ጋብቻ ይሻላል። ቡናውን አፍልታችሁ ከአጠገብዋ ተቀመጡ፤ መናገር ብትፈልግ ስሙ፣ ዝም ብትል ዝም በሉ። ይሁንና ሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላት ወደ ሐኪም አድርሱዋት። የሞት ሐሳብ በአፍዋ ከገባ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ በከተማችን የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ወደዚያ መሄድ ነውር አይደለም።

ያች እኅታችን ከወራት በኋላ ተመልሳ አየናት። ነገሩን የሰሙ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ጀበናቸውን ይዘው ሦስት ማታ በተከታታይ እንደ መጡ፣ አንድም ምክር እንዳልሰጡዋት ነገረችን። «ሦስተኛው ማታ ሠልስቴ ነበር» ብላ ፈገግ አለች። አሁን ከሥራ ስትመለስ በፌርማታው በኩል ታልፋለች፤ አንዳንድ ቀን ልቧን እንደሚያማት ግን አልሸሸገችንም።

በጎረቤታችሁ ድንኳን ያልተተከለለት ኀዘንተኛ ካለ፣ ዛሬ ማታ በሩን አንኳኩ።