የዓይን ግፊት የሞራ ዘመቻን አይጠብቅም

በወላይታ ዞን በሚገኙት የገበሬ ማኅበራት ሕዝቡን ለጤና ዘመቻ ማሰባሰብ አዲስ ነገር አይደለም። የትራኮማ መድኃኒት ሲታደል፣ ሕፃናት ሲከተቡ፣ ለሞራ ቀዶ ሕክምና በሽተኞች ሲመዘገቡ ጥሪው ለየመንደሩ የሚደርሰው በመሪዎቹ በኩል ነው። (ገበሬ ማኅበር ስንል ቀበሌውን ማለታችን ነው። በ1967 ዓ.ም. ከገጠር መሬት አዋጅ ጋር የመጣው ስም በሕዝቡ አፍ ዛሬም አልጠፋም።) በዚህ ጥረት አያሌ ወገኖች ብርሃናቸው ተመልሶላቸዋል። ይሁን እንጂ ተመዝግበው፣ በልጅ እጅ እየተመሩ መጥተውና ወረፋ ጠብቀው ከሐኪሙ ፊት ከቀረቡ በኋላ «ይህ ሞራ አይደለም» ተብለው የሚመለሱም አሉ። ዘመቻው ሲያበቃ የታከሙት ይቆጠራሉ፤ የተመለሱትን የሚቆጥር የለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህ ናቸው፤ ከነሱም ይበልጥ በየቤታቸው ያሉት ወንድሞቻቸው፣ እህቶቻቸውና ልጆቻቸው ናቸው።

ሞራ አይደለም ከተባሉት ውስጥ ከፊሎቹን የያዛቸው ግላኮማ ነው፤ ሕዝቡ የዓይን ግፊት የሚለው። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ብርሃኑን ያጣ መሆኑን አመልክቷል። ከነዚህ ውስጥ 49.9 በመቶው በሞራ፣ 11.5 በመቶው ትራኮማ ባስከተለው የዓይን ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው ደግሞ በግላኮማ የታወሩ ነበሩ። አምስት ከሃምሳ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ሊያሳስተን አይገባም። በሞራ የታወረ ሰው አሥር ዓመት ከቆየም በኋላ በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ማየት ይችል ይሆናል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ሐኪም እጅ አይመለስም። ስለዚህ ለሁለቱ በሽታዎች አንድ ዓይነት አሠራር ሊኖረን አይችልም። ሞራ ዘመቻን ሊጠብቅ ይችላል፤ ግላኮማ በተጠበቀ ቁጥር ይበላል።

የበሽታው ጠባይ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ዓይን በውስጡ ሳያቋርጥ ውሃ ያመነጫል፤ ያም ውሃ በዓይኑ ጠርዝ ባለች ጠባብ መውጫ በኩል ይወጣል። የማሳ ፈሰስ ሲደፈን ውሃው ወደኋላ እንደሚተኛና ሰብሉን እንደሚያበሰብሰው ሁሉ፣ የዓይኑም መውጫ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምርና ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚወስደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ነርቩ አንድ ሚሊዮን ያህል ቀጫጭን ክሮች አሉት። የሞተው ክር ሌላ አይተካም። በአብዛኛው ሕመም የለውም። ዓይን አይቀላም፣ አያዥም፣ ብሌኑም እንደ ሞራ አይነጣም። መጀመሪያ የሚጠፋው የጎን እይታ ስለሆነ ሰውየው ፊት ለፊት ያለውን ሰው እያወቀ መቃኑን ይጋጫል፤ ከጎኑ የቆመውን በሬ አያይም፤ በእንሰቱ መካከል ሲሄድ ይደናቀፋል። ቤተሰቡ እርጅና ነው ይላል። (በድንገት የሚመጣ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ቅላትና ማስመለስ ያለው ሌላ ዓይነትም አለ፤ ያ ሲያጋጥም በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።)

እንግዲህ ሳያም የሚያጠፋ ከሆነ በምን ይታወቃል? የዓይን ምርመራ ጥናት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ሐኪም በሕይወት ያለን ሰው የዓይን ወለል አይቶ ነርቩን ለመመልከት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ መመልከቻ መሣሪያውን ከሠራ በኋላ ነው። ዛሬ ያው የዓይን ወለል በፎቶግራፍ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በአሜሪካ የተሠራው ኦሲቲ የተባለው መሣሪያ በብርሃን አማካይነት የነርቩን ክሮች ንጣፍ ውፍረት በሺኛ ሚሊ ሜትር ይለካል። ግፊቱን መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ግፊታቸው ደህና ሆኖ ነርቫቸው የሚሞትባቸው በሽተኞች ብዙ ናቸው። በሽተኛው ምንም ጉድለት ሳይሰማው ከነርቩ ክሮች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሊያልቁ ይችላሉ። ምስሉ ግን ያሳያል። በነርቩ መካከል ያለችው ጎድጓዳ ሥፍራ እየሰፋች መሄዷ የሚታወቀው የዘንድሮው ምስል ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው። በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ የቦረቦር ጠርዝ ላይ ችካል ተክላችሁ ከክረምት በኋላ ምን ያህል እንደተናደ የምታዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ከዚህ የተነሳ የመጀመሪያው ምስልና የሕክምና ካርዱ እንደ መሬት ደብተር ሊጠበቁ ይገባል። በሽተኛው ዛሬ አንድ ክሊኒክ፣ ነገ ሌላ ክሊኒክ እየዞረ ካርዱን ከጣለ ችካሉ ተነቀለ ማለት ነው።

መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ከፊቱ የሚቀርብለትን ዓይን ብቻ ነው የሚያየው። ኦቶና ከሚስዮናውያን ዘመን ጀምሮ የወላይታ ሕዝብ ለሕክምና የሚሄድበት ሥፍራ ነው፤ ሆስፒታሉም አሁን በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ማስተማሪያ ሆኗል። እዚያ ማን ቶሎ ይድረስ የሚለውን የሚወስነው ግን ገጠሩ ነው። ሁሉንም ሰው ለግላኮማ መመርመር ሀብታሞቹ አገሮችም ያልሞከሩት ወጪ ነው። የሚቻለው መርጦ መላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ በሆላንድ አገር በሮተርዳም የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከግላኮማ በሽተኞች ወንድሞችና እህቶች መካከል 10.4 በመቶው ራሳቸው በሽታው ነበረባቸው። በሽታው በሌለባቸው ሰዎች ወንድሞችና እህቶች ዘንድ ግን አንድ በመቶ አልሞላም። ስለሆነም አንድ አዛውንት ዓይናቸው ጥርት እንዳለ ብርሃናቸው ከጠፋ፣ ያ ቤት አድራሻ ነው። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ወንድሞቻቸው፣ እህቶቻቸውና ልጆቻቸው ምንም ባያማቸው እንኳ መታየት አለባቸው። ይህን ቤት የሚያውቅ ካሜራ የለም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በየቤቱ ያለ በሽታ ነው ሲባል ሕዝቡ እንዳይደብቀው ያሰጋል። በወላይታ ይህ በዝሆኔ በሽታ ታይቷል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ይህ ሕመም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከዞኑ ሕዝብ 5.46 በመቶውን ይዞ ነበር። በዘር የሚወርድ ርግማን ነው እየተባለ ጋብቻ ይከለከልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ አካባቢ በተወሰደ ናሙና የተደረገ ምርምር ተጋላጭነቱ በእርግጥም በዘር እንደሚወርድ አረጋገጠ፤ ሆኖም ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው ከበሽታው ሊድን መቻሉን ያ ግኝት አልቀየረውም። በዘር መውረዱን ማወቅ ቀድሞ ለመጠበቅ ይጠቅማል እንጂ ለመሸሽ አይሆንም። ይህንኑ ቋንቋ ለዓይን ግፊትም መጠቀም ይቻላል።

ስለ ሕክምናው ሐሳባችንን በግልጽ እንናገር። የተለመደው ሕክምና ጠዋትና ማታ ዕድሜ ልክ የሚደረግ የዓይን ጠብታ ነው። ጠብታው ብርሃን አይጨምርም፤ የቀረውን ያቆያል። ገበሬው «ሦስት ወር አደረግሁ፣ ለውጥ አላየሁም» ብሎ የሚተወው ይህ ሳይነገረው ስለሚቀር ነው። በዚያ ላይ ጠብታው በየወሩ ይገዛል፤ ለዚህም ወደ ከተማ መውረድ ግድ ይሆናል። በታንዛኒያ በሞሺ ከተማ፣ በኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ለኛ ዓይነት ኑሮ የሚስማማ ነገር አሳይቷል። 201 የግላኮማ በሽተኞች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ቲሞሎል የተባለውን ጠብታ፣ ግማሾቹ የሌዘር ጨረር ሕክምና ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ በጠብታው ከታከሙት ዓይኖች 31 በመቶው፣ በሌዘሩ ከታከሙት 61 በመቶው ሕክምናው እንደሠራላቸው ተረጋገጠ። ሌዘሩ ከሠራላቸው ዓይኖች ውስጥ ሲሶ የሚሆኑት ግን እንዲደገምላቸው አስፈልጎ ነበር።

በኛ አስተያየት ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለመሣሪያ ግዢም ይሆናል። ለአንድ ሆስፒታል የዓይን ካሜራ ሲታሰብ ሌዘሩም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። በሽታውን አሳይቶ በሽተኛውን ሊገዛው በማይችለው ጠብታ የሚሸኝ ካሜራ ሥራውን በግማሽ ይተወዋል። መሣሪያው ውድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሌዘር አንድ ጊዜ ከተተከለ ለብዙ ሺህ ሰው ያገለግላል፤ ጠብታው ግን ለእያንዳንዱ በሽተኛ ዕድሜ ልክ ይገዛል። እርግጥ ነው ሌዘርም ክትትል ይፈልጋል፤ ለሁሉም አይሆንም፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም አሉ።

ሌዘሩ እስኪደርስ ጠብታው መቋረጥ የለበትም። በዚህ ረገድ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ በሽተኛ ጠብታውን በመድኑ ያገኛል ወይስ ከኪሱ ይገዛል የሚለው በወረዳው ስብሰባ ላይ በግልጽ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ጥያቄው ከአንድ በሽተኛ ሲመጣ አቤቱታ ይባላል፤ ከአሥር ገበሬ ማኅበራት ሲመጣ አጀንዳ ይሆናል። በነገራችን ላይ ያ የ1998ቱ ጥናት ከወንዶች 1.2 በመቶ፣ ከሴቶች 1.9 በመቶ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ስም ዝርዝሩ ሲዘጋጅ እናቶች የቤት ሥራ ይዟቸው እንዳይቀሩ ያስፈልጋል።

አንድ ሌላ ነገር ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ዓይን ሲያሳክክና ሲቀላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤትና ከገበያ የሚገዙ ጠብታዎች አሉ። ዴክሳሜታዞን ያለባቸው ለጊዜው ቅላቱን ያጠፋሉ፤ ለወራት ሲደረጉ ግን ራሳቸው የዓይን ግፊት ያስነሳሉ፤ በሕፃናት ላይም ጭምር። ቲሞሎልም ቢሆን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ የጎረቤት ጠብታ ተውሶ ማድረግ ክልክል ነው።

በሚቀጥለው የሞራ ምዝገባ ጊዜ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። «ሞራ አይደለም» የተባለው ሰው ስም፣ ሐኪሙ ያለው ምክንያት፣ ከአርባ በላይ የሆኑት ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹ ብዛት ይጻፍበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰዎቹን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፤ ጤና ጣቢያው ወደ ኦቶና የሚጽፈው ወረቀት ላይም «ቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ አለ» የሚል ቃል ይግባበት፤ ሐኪሙ ነርቩን በደንብ እንዲያይ የሚያደርገው ይህ ቃል ነውና። የመጓጓዣውን ነገር ዕድሩ ሊነጋገርበት ይችላል።