ሲግናሉን ማን ላከው?

«ከሩቅ ጋላክሲ ሲግናል ተያዘ» የሚል ዜና ቤት ውስጥ ከተነበበ፣ ከልጆች የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ላከው?» እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ስለሆነ ርዕሱ ለምን እንደዚያ እንደሚጻፍ ይገባኛል። «የሃይድሮጂን ጋዝ ተገኘ» ቢባል ስንቶቻችን እንከፍተዋለን? እውነተኛው ታሪክ ግን ከርዕሱ ይበልጣል፤ ለልጆቻችንም መንገር ያለብን እሱን ነው።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን ግኝት እንውሰድ። ህንድ ውስጥ፣ ፑኔ ከተማ አቅራቢያ፣ ጂ.ኤም.አር.ቲ. የሚባል ራዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። ቴሌስኮፕ ሲባል በአንድ ዓይን የሚያዩበት ቱቦ አይምሰላችሁ፤ ጣሪያችን ላይ ያለውን ዲሽ አስቡ። የእነሱ ዲሾች ግን 30 ናቸው፤ የእያንዳንዱ ወርድ ደግሞ 45 ሜትር ነው። ሁሉም ተቀናጅተው እንደ አንድ ግዙፍ ዲሽ ይሠራሉ።

አርናብ ቻክራቦርቲ እና ኒሩፓም ሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ቴሌስኮፕ የያዙት ሲግናል ጉዞ የጀመረው ከ8.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። ምድራችን ዕድሜዋ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ሲግናሉ ሲነሳ ፀሐይም ምድርም አልነበሩም፤ ምድር የመጣችው እሱ ግማሽ መንገድ ሊደርስ ሲል ነው።

ይህን ያህል ተጉዞ የመጣ ሲግናል በጣም ደካማ ነው። ደግነቱ መንገዱ ላይ ሌላ ጋላክሲ ነበር። የዚያ ጋላክሲ ስበት ሞገዱን አጥፎ፣ እንደ ማጉያ መነጽር 30 እጥፍ ያህል አጎላው። ዲሾቹ ሊሰሙት የቻሉት በዚህ ነው።

ታዲያ ማን ላከው? ማንም። የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን፣ ጋዝ ሆኖ ጠፈር ውስጥ ሲንሳፈፍ በራሱ ጊዜ የራዲዮ ሞገድ ይለቃል። ከዋክብት የሚሠሩት ከዚህ ጋዝ ስለሆነ፣ ሞገዱን መስማት የጋላክሲውን ጓዳ ከፍቶ ምን ያህል እህል እንደቀረ እንደማየት ነው። የጋዙ ክብደትም ከሚታዩት ከዋክብት ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ብቻ እንደሚቀረው ተመራማሪዎቹ አስልተዋል።

«ማንም አልላከውም» ብላችሁ ብቻ ካቆማችሁ ልጁ ቅር ይለዋል። ስለዚህ ማስመሪያ አምጡ። መጀመሪያ 21 ሳንቲ ሜትር አስለኩት፤ ሞገዱ ሲነሳ ርዝመቱ ይህን ያህል ነበር። ቀጥሎ 48 ሳንቲ ሜትር ይለካ፤ ህንድ ሲደርስ ይህን ያህል ሆኗል። በመሃል የሳበው ሰው የለም፤ ሞገዱ ሲጓዝ ጠፈር ራሱ እየሰፋ አብሮ ለጠጠው። ልጁ ያኔ «ጠፈር አሁንም እየሰፋ ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። መልሱ «አዎ» ነው።