«ዳታው ዲ ላይ ነው አይደል?»

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። ጠዋት የቤታችንን ላፕቶፕ የተቀበለኝ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነበር። «እህት፣ ዊንዶውስ 11 ልጭንልሽ ነው። ዳታው ዲ ላይ ነው አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ዲ ላይ ነው» አልኩት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ስልኩም ተዘጋ። ንግግራችን ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

ማታ ላፕቶፑ ቤት ሲመጣ እንደ አዲስ ፈጣን ሆኖ ነበር። ልጆቹ ተደሰቱ፤ እኔም ጎበዝ ባለሙያ አገኘሁ ብዬ ስልክ ቁጥሩን ለጎረቤት ሰጠሁ። ነገሩ የገባኝ ሰኞ ማታ ነው። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «ያንን የአባዬን ጽሑፍ የመጨረሻውን ላኪልኝ» አለኝ። አባታችን ከማረፉ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ ማን ከማን እንደተወለደና የት እንደኖረ ራሱ ቁጭ ብሎ ተይቦት ነበር። ጽሑፉም፣ ስካን ያደረግናቸው የድሮ ፎቶዎችም «አባዬ» በሚል ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ፎልደሩ የነበረው ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ፣ ላፕቶፑ ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ቦታ ነው። ሁልጊዜ ስለማየው የትም የማይሄድ መስሎኝ ነበር።

ዴስክቶፕ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ የሚባሉትም ሰው ሆን ብሎ ካላዛወራቸው በቀር እዚያው ሲ ውስጥ ናቸው። እኛ አገር ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ሲን ለዊንዶውስ፣ ዲን ለቤተሰቡ መስጠት የተለመደ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ከስልኩ ፎቶ ባወረደ ቁጥር ወደ ዲ የሚያዛውር ማን ነው? ባለሙያውን መውቀስ አልችልም፤ ጠይቆኛል፣ መልሻለሁ። ሁለታችንም የዘለልነው ጥያቄ ግን አለ፦ ለመሆኑ ሲ መጥፋት ነበረበት?

ይህንን ዛሬ የማነሳው በብዙ ቤት ተመሳሳይ ስልክ ሊደወል ስለሚችል ነው። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጣውን ዊንዶውስ 10 መደገፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላፕቶፑ ከዚያ ወዲህም ይከፈታል፣ ይሠራል። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የሚደፍነው የለም ማለት ነው፤ ልጆች ያገኙትን ሁሉ በሚያወርዱበትና ወላጅ የባንክ ሒሳቡን በሚከፍትበት የቤት ላፕቶፕ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ «ወደ 11 ይቀየር» መባሉ ተገቢ ነው። ክርክሬ አቀያየሩ ላይ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ፎርማት ነው፦ ያለው ይጠፋል፣ አዲሱ ባዶ ቦታ ላይ ይጫናል። ሁለተኛው በነበረው ላይ ማሳደግ ነው። ዊንዶውስ 10 ወደ 11 ያድጋል፤ ፎቶው፣ ጽሑፉ፣ ፕሮግራሞቹ፣ ፓስወርዱ፣ የተቀመጠው ዋይፋይ ሳይቀር በቦታው ይገኛል። በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ ዊንዶውስ 10 ላለው ብቁ ላፕቶፕ ይህ በነፃ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ዘግይቼ የተማርኩት ነገር፣ ሁለቱም መንገድ የሚሠራው በአንድ ፍላሽ መሆኑን ነው። ባለሙያው ዊንዶውስ 11 የጫነበትን ፍላሽ ላፕቶፑ ጠፍቶ እያለ ሰክቶ በፍላሹ ካስነሳው፣ የሚያገኘው አጥፍቶ የመጫኑን መንገድ ብቻ ነው። ያንኑ ፍላሽ ላፕቶፑ በርቶ፣ ዊንዶውስ 10 ተከፍቶ እያለ ሰክቶ «ሴትአፕ» የሚለውን ከነካው ግን ምን ይቆይ የሚል ጥያቄ ይመጣለታል። «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ» የሚለው ፋይሉም ፕሮግራሙም ይቆይ ማለት ነው። «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኦንሊ» ፋይሉን ብቻ ያስቀራል። «ነቲንግ» ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል። እንግዲህ የአባቴ ፎልደር የጠፋው ፍላሹ በተሰካበት ሰዓት ምክንያት ነው።

ባለሙያዎች ለምን ፎርማት ይወዳሉ? ለመፍረድ አይደለም፣ ምክንያት አላቸው። ፎርማት የሚፈጀው ጊዜ ይታወቃል፤ አሮጌው ላይ የነበረ ቫይረስና ብልሽት አብሮ አይሻገርም፤ ደንበኛው ማግስቱን «ፕሮግራሜ እምቢ አለኝ» ብሎ ተመልሶ አይመጣም። በነበረው ላይ ማሳደግ ግን በተለይ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ሊወስድ፣ አንዳንዴም መሐል ላይ አልሄድም ብሎ ወደ 10 ሊመለስ ይችላል። ወረፋ ለበዛበት ሱቅ ይህ ኪሳራ ነው። ለቤተሰቡ ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በነበረው ላይ ካሳደጋችሁ በኋላ ነገሩ ካልጣማችሁ፣ ለምሳሌ ፕሪንተሩ እምቢ ካለ፣ በ10 ቀናት ውስጥ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል። አሮጌው ዊንዶውስ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ተቀምጦ ይቆያችኋል። ቦታ ያጣብባል ብሎ ቶሎ የሚያጠፋው ሰው ስላለ «10 ቀን እስኪሞላ አትንኩት» በሉ። ፎርማት ላይ እንዲህ ያለ መመለሻ የለም።

ወደ አባቴ ጽሑፍ ልመለስ። ወንድሜ ከዓመታት በፊት በኢሜይል የላኩለትን የቆየ ቅጂ ፈልጎ አገኘልኝ። ከፈትኩት፤ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። አባዬ ይጽፍ የነበረው መሥሪያ ቤት በተማረበት በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ነው። እነዚያ ሶፍትዌሮች ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ነበር። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይታያል፤ ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ። ፎንቱ ደግሞ ከሲ ጋር አብሮ ተጠርጓል። ጽሑፉ የተነበበው አንድ የድሮ ባልደረባው ኮምፒውተር ውስጥ ፎንቱ ከተገኘ በኋላ ነው። የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ ያላችሁ ሰዎች፣ ፎርማት ግድ ከሆነባችሁ ሲ ውስጥ «ዊንዶውስ» የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ «ፎንትስ» የሚለውን ሙሉውን ፍላሽ ላይ ቅዱት። ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። በፒችትሪ የሱቅ ሒሳብ የምትይዙም እንዲሁ፤ የሒሳቡ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው። ዲ ላይ ፈልጎ አጥቶ ከመደንገጥ አስቀድሞ ባክአፕ መያዝ ይሻላል።

ፎርማት ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛችሁ፣ የማን እጅ እንደነካውና ምን እንዳለበት ስለማታውቁ፣ ጠርጎ መጀመር ግድ ነው። በቫይረስ የተበላሸም እንደዚያው። ለልጅ የምትሰጡት የአባት የሥራ ላፕቶፕም ቢጠረግ ይመረጣል። ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ።

የመጀመሪያው ፈቃዱ ነው። ዘመድ ከውጭ የሚልክልን ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ፈቃዱ ማሽኑ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል፤ ለቤት የተሸጠ ከሆነ «ሆም» ለሚባለው ዓይነት ነው። ሱቅ ውስጥ ተጠርጎ «ፕሮ» ከተጫነበት ያ ፈቃድ አይሠራለትም፤ ከዚያ በስንጥቅ ፕሮግራም ይከፈታል፤ የተከፈለበትን ትቶ የተሰረቀ መጠቀም ማለት ነው። «የነበረው ዓይነት ይጫንልኝ» ማለት ብቻ ይበቃል። ከጀርመን ወይም ከዓረብ አገር የመጣ ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ዊንዶውሱ በጀርመንኛ ወይም በዓረብኛ ሆኖ ፍላሹ በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ፕሮግራሞቹን አስቀርቶ የማሳደጉ ምርጫ አይሰጣችሁም። ፍላሹ በዚያው ቋንቋ መዘጋጀት አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ላፕቶፑ በማን ኢሜይል ነው የሚከፈተው? የቅርቦቹ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች እንደ አዲስ ሲጫኑና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፉታል። ለደኅንነት ጥሩ ነው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፎቶአችሁን ማንም አያይም። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን የሚቀመጠው በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። ባለሙያው ለጊዜው ብሎ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው ቁልፉ እሱ ዘንድ ቀረ። ከስድስት ወር በኋላ ላፕቶፑ አንድ ቀን ተነስቶ ቁጥሩን ቢጠይቃችሁ፣ ባለሙያውም ሱቁን ቀይሮ ቢሆን፣ ውስጥ ያለውን የሚያወጣላችሁ ሰው አታገኙም። በራሳችሁ ኢሜይል አስከፍቱ፣ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የቤት ካርታና የልደት ሰርተፊኬት ከሚቀመጡበት ጋር አስቀምጡት።

የመብራትና የኢንተርኔት ነገር አጭር ነው። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በስልክ ፓኬጅ ማውረድ አይመከርም፤ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዛችሁ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት አስጭኑ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። ልጅ ሰኞ አሳይመንት የሚያስረክብ ከሆነ እሑድ ማታ አትጀምሩ። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ደግሞ አስቀድማችሁ ሲ ላይ ያለውን የቤተሰብ ፋይል ኤክስተርናል ላይ ቅዱ፤ በነበረው ላይ ማሳደግ ፋይል አይነካም ቢባልም መሐል ላይ የሚሞት አሮጌ ዲስክ አለ።

ላፕቶፑ ብቁ ካልሆነስ? ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ስሙ ላይ ከአይ5 ወይም ከአይ7 ቀጥሎ ያለው ቁጥር 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 7200 ከሆነ ሰባተኛ ነው። የማይክሮሶፍት «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» ይህንን ይመረምርላችኋል። ቲፒኤም የለም ካላችሁ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፤ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ባለሙያ ይከፍተዋል። መስፈርቱን የማያሟላውን አስገድዶ መጫንም ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላለው ማሽን አፕዴት ይደርሰዋል ብሎ ዋስትና አይሰጥም። ለአፕዴት ብሎ ቀይሮ አፕዴቱን አለማግኘት ይሆናል።

የእናቴ ላፕቶፕ እንደዚያ ነው፤ ሰባተኛ ትውልድ፣ የእድሯን ሒሳብ የምትመዘግብበት። ለእሷ ያደረግሁት የተራዘመውን የደኅንነት አገልግሎት ማስመዝገብ ነው። ሴቲንግስ ገብቼ «ዊንዶውስ አፕዴት» ላይ የምዝገባው ጽሑፍ ስለታየ በኢሜይሏ ገባሁ፣ ቅንብሮቹ በአካውንቷ እንዲቀመጡ ፈቀድኩ፣ ያለ ክፍያ ተመዘገበ። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያገለግላል። እስከዚያ ድረስ ሌላ ላፕቶፕ እንፈልጋለን። «ይሄው ምን አነሰው?» ትላለች እማዬ። የዴስክቶፗን ፋይሎች ግን በዚያው ቀን ገለበጥኩ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለወንድሜ። የአባዬን ፎቶዎች እሷም ጋ ፈልጌ ነበር፤ አራት አገኘሁ።