ሥራዋን እዩላት

በዚህ ሳምንት አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ደሜ ፈላ። የተለጠፈው ወረቀት የድረ ገጽ ባለሙያ ይፈልጋል። ተፈላጊ ችሎታ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በተመሳሳይ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ። ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይቅረብ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ይህ ቤት ግን እስከ ዛሬ ድረ ገጽ ኖሮት አያውቅም፤ ጎረቤቶቹም የላቸውም። ታዲያ የጎጃሟ የፍኖተ ሰላም ልጅ 2 ዓመት ሙሉ ግብር እየከፈለች የማንን ድረ ገጽ ስትሠራ ትቆይ?

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከዚህ «ልምድ» ከሚሉት ነገር ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቁታል። ዛሬም አልታረቅንም። «መመሪያው ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣልኝ አውቃለሁ። ሆቴሉም፣ የግል ትምህርት ቤቱም፣ ነጋዴውም ያንኑ ቃል ይገለብጣሉ። እነሱን ያሰራቸው መመሪያ የትኛው ነው?

ያንኑ ሰሞን አንዲት ወጣት ልታማክረኝ መጣች። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃለች፤ የመውጫ ፈተናውን አልፋለች፤ በሐምሌ 2016 ከተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ሰርተፊኬት ወስዳለች። ክላሰሯን ዘርግታ ወረቀቶቿን በየተራ ታሳየኝ ጀመር። «ጋሼ፣ የሄድኩበት ሁሉ ልምድ ይሉኛል፤ ልምዱን ከየት ላምጣው?» አለችኝ። ክላሰሩን ዝጊውና በእጅሽ የሠራሽው ነገር ካለ አሳዪኝ አልኳት። አመነታች። «አንድ አለ፤ ግን ማንም ያዘዘኝ አይደለም እኮ» ብላ ስልኳን አወጣች።

አክስቷ ቡሬ ላይ በርበሬ ትነግዳለች። ገጹ የአክስቷ ነው። ከላይ የዛላ በርበሬ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል የኪሎ ዋጋ፣ ደም የመሰለው ለብቻ፣ ቀለሙ የሳሳው ለብቻ። ዋጋው የየትኛው ቀን እንደሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል። ሲነኩት በቀጥታ የሚደውል ቁልፍና የቴሌብር ቁጥር አለ። ሌላ የሚርመሰመስ ነገር የለም። ኔትወርኩ በደከመበት ሰዓት፣ በርካሽ ስልክ ላይ፣ ወዲያው ተከፈተ።

ደስ ያሰኘኝ ግን ከገጹ ይልቅ ከገጹ ጋር ያያያዘችው ማስታወሻ ነበር። ገጹን ስትሠራ የገጠማትን ሁሉ ጽፋዋለች። በመጀመሪያ ፎቶዎቹን ስልኳ እንዳነሳቸው አስገባቻቸው፤ እያንዳንዳቸው ብዙ ሜጋባይት ስለነበሩ የአክስቷ ስልክ ላይ ገጹ አልከፈት አለ። እያንዳንዱን ፎቶ ከ100 ኪሎባይት በታች አወረደችው። በመጀመሪያ ቀጫጭን ግራጫ ፊደል መርጣ ነበር፤ አክስቷ ፀሐይ ላይ ሆና ማንበብ አቃታት፤ ጥቁርና ወፈር ያለ አደረገችው። «ኢሜይልዎን ያስገቡ» የሚል ቅጽም ነበረው። ከአዲስ አበባ የሚገዙት ነጋዴዎች ግን ደውለው ይጨርሳሉ እንጂ ኢሜይል አይጽፉም፤ አወጣችው። «ስለ እኛ» የሚለውን ረጅም ታሪክም ቆረጠችው፤ የገዢ የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋ ነውና።

እንግዲህ ፖርትፎሊዮ የሚሉት የሥራ ማሳያ ይኸው ነው። ቀጣሪ ማወቅ የሚፈልገው ይህች ልጅ ችግር ሲገጥማት ምን ታያለች፣ ምን ትወስናለች፣ ስትሳሳት እንዴት ታርማለች የሚለውን ነው። የበርበሬዋ ገጽ ሁሉንም ይመልሳል። እሷ ግን ክላሰሯ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ አሳንሳ አይታው ነበር። ይህን ያስተማርናት እኛ ነን።

ሌላ የማየው ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ፖርትፎሊዮ ብለው የሚያሳዩኝ ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የወረደ ቴምፕሌት ነው። በሕይወታቸው ረግጠውት የማያውቁት የኒውዮርክ ቡና ቤት፣ ትርጉም የለሹ የላቲን መሙያ ጽሑፍ እንኳ ሳይነሳ፣ ከግርጌው «ድንቅ ሥራ ነው!» የሚሉ የሌሉ ደንበኞች። ይህ ውሸት ነው፤ ለስላሳ ቃል አልፈልግለትም። ቀጣሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ይፈርሳል። የአንድን ሆስፒታል ወይም ኮሌጅ ገጽ ለልምምድ ብለው አሻሽለው ከሠሩ ግን ነውር የለበትም፤ «ለልምምድ የሠራሁት ነው፤ ተቋሙ አላዘዘኝም» ብለው አናቱ ላይ ይጻፉ። እውነቱን የጻፈ ልጅ ይበልጥ ይታመናል።

ቴምፕሌቱ ሌላም ጣጣ አለው። የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። አርእስቱን በትልቁ ፊደል ጻፍ ይላል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ፊደሉን አዝምሞ ያጋድመዋል፤ አማርኛ በግድ ሲጋደም ዓይን ያማል። የመስመሮቹ ርቀት ጠባብ ስለሆነ የላዩ ፊደል እግር ከታቹ አናት ጋር ይጋጫል። ቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጳጉሜን የለችበትም። በጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ማውጣት እንደሚቻል ስንቱ ተመራቂ ያውቃል? አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ መርጦ፣ የመስመሩን ርቀት አስፍቶ፣ ቀኑን አስተካክሎ አንድ ንጹሕ የአማርኛ ገጽ የሠራ የጂጋ ወይም የደምበጫ ልጅ የውጭ አገሩ ባለሙያ የሌለው እውቀት በእጁ ነው። በእኔ ግምት ያለ ሥራ ልምድ የሚጀምር ወጣት ትልቁ ሀብቱ ይኼ ነው።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ይህ ነገር ሊያስቸግረን አይገባም ነበር። የቅኔ ተማሪ ልምድ አምጣ ተብሎ ያውቃል? ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት። ጫካ ገብቶ ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰብረዋል፣ ያቃናዋል፤ ነገ ደግሞ አዲስ ቆጥሮ ይመጣል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ ተመልሶ አይነገርም፤ የሌላውን ቅኔ የራሴ ብሎ የቀረበ ያፍራል። ማንም ሳያዝዘው ሠርቶ እያቀረበ ነው መምህር የሚሆነው። የቅኔ ቤት በሆነው በዋሸራ አገር እየኖርን ልጆቻችንን በደብዳቤ ብዛት መመዘን ከየት ለመድነው?

ፊደላችን ራሱ ኮምፒውተር ላይ የወጣው የሥራ ልምድ ባለው ሰው ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ሆነው ቀድመው ከደከሙበት አንዱ የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለፍተዋል። ያኔ «ግብር የተከፈለበት ልምድ» ቢባል ኖሮ ዛሬ ይህን ዓምድ በምን ፊደል እጽፈው ነበር?

«በነጻ መሥራት ብዝበዛ ነው» የሚሉኝ አሉ። ባለ ሆቴሉ «ለልምድ ይሆንሻል» እያለ ወር ሙሉ በነጻ ካሠራት አዎ፣ ብዝበዛ ነው፤ አብሬያቸው እጮኻለሁ። ለአክስቷ የሠራችው ግን የራሷ ነው፤ ራሷ መርጣ የጀመረችው፣ ስትፈልግ የምታቆመው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ባለ ሱቅ ጥቂትም ቢሆን ይክፈል። ስንት ገጽ፣ እስከ መቼ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። «ትንሽ ቀይሪልኝ» የሚባለው ነገር ማብቂያ የለውም፤ ሁለት ጊዜ ብሎ መገደብ ይበቃል።

«ኢንተርኔት በሌለበት ምን ድረ ገጽ?» የሚለውንም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ማን ይረሳዋል? የስንቱ ልጅ ትምህርትና ተስፋ እንደተቋረጠ ዓይኔ አይቷል፤ ቀላል ነገር ነበር አልልም። ግን ድረ ገጽ የሚሠራባቸው ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ የኢንተርኔት መስመር አይጠይቁም። ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ይጻፋሉ፤ ፋይሉ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፤ በፍላሽ ይዞ ለጓደኛ ማሳየት ይቻላል። መስመሩ ሲመጣ ጊትሃብ ላይ እንዲህ ያለውን ገጽ በነጻ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለገጹ አድራሻ ስም መግዣ አሁን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሦስት ያለቀላቸው ሥራዎች ይበቃሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ከላይ ይቀመጥ።

ለቀጣሪዎችም አንድ ልመና አለኝ። አመልካቹን ግማሽ ቀን አስቀምጡትና አንድ ገጽ አሠሩት፤ ለዋለበትም አበሉን ክፈሉት። «የመነኻሪያውን የመነሻ ሰዓት የሚያሳይ ገጽ ሥራ» በሉት። በዚያች ግማሽ ቀን የ2 ዓመት ደብዳቤ የማይነግራችሁን ታያላችሁ።

የመነኻሪያውን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለውን ልንገራችሁ። ማንኩሳን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ የተወለደባት አገር ናት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀው ሰው ሁሉ ሰማት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ ናት። አንድ ካናዳ የሚኖር ወዳጄ ሰላም ሲሆን ልጆቹን ይዞ ሊያያት አስቧል፤ በምን እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድር፣ ደርሶ ምን እንደሚያይ ጠየቀኝ። የምልክለት አጥጋቢ የአማርኛ ገጽ ፈልጌ አጣሁ። ፍኖተ ሰላም ዱሮ ወጀት ትባል እንደነበር እንኳ ለልጆቹ የሚነግርልን ገጽ አላገኘሁለትም። ሌሎች ስለ እኛ የጻፉትን ሁለት መስመር ላክሁለት፤ እሱም በእንግሊዝኛ።

ይህ አንገበገበኝ። ከልምድ ክርክር ተነስቼ እዚህ መድረሴን አውቃለሁ፤ ግን ነገሩ አንድ ነው። በአንድ በኩል ሥራ የሌላቸው፣ መሥራት የሚችሉ ልጆች አሉን። በሌላ በኩል ማንም ያልጻፈው አገር አለን። መሐላቸው የቆመው አንድ ማህተም ነው።

ስለዚህ ለባለ በርበሬዋ ልጅ ቀጣዩን ሥራ ሰጠኋት፤ የማንኩሳን ገጽ። ድካሟን እኔ እከፍላለሁ፤ በወረቀት ተጻጽፈናል። ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የሚመጣው እንግዳ በየት በኩል እንደሚደርስ ይኑርበት። የገበያ ቀኑ ይኑርበት። አውቶቡስ «11 ሰዓት ይነሳል» ሲባል ንጋት መሆኑን ለውጭ አገር ልጆች የሚያስረዳ፣ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይኑርበት፤ ካናዳ ያደገው ልጅ ስልኩ 5 ሰዓት ነው የሚለው። ልቦለዱ ውስጥ ያለው የቱ፣ በእግር ተሂዶ የሚታየው የቱ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች የነገሯት ካለም ፈቃዳቸውን ጠይቃ ታስገባው። ፎቶውን ራሷ ታንሳ። ግርጌው ላይ ስሟን ትጻፍ፤ ቀጥሎም የምትቀጠርበትን ስልክ።