«ጉድጓዱ የግሌ ነው» ለሚሉ ጎረቤቶቻችን



«የውሃ ጉድጓዱ ያለው በግቢዬ ነው፤ ማኅበሩ ምን አገባው?» የሚለውን ቃል በየስብሰባው መስማት ሰልችቶናል። ግቢው የእርስዎ ነው፤ ከሥር ያለው ውሃ ግን አጥር አያውቅም። ከአጥሩ ጥግ ያስቆፈሩት ሽንት ቤት ከእርስዎ ጉድጓድ ይርቅ ይሆናል፤ ከጎረቤት ጉድጓድስ ስንት እርምጃ ነው? ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ቦታውም ከጉድጓዱ ወደ ቁልቁለቱ መሆን አለበት። ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ መጥቶ ከሽንት ቤቱ ጋር ይገናኛል። ያኔ ሕፃናቱን ተቅማጥ ሲጥላቸው እኛ «ጥርስ ሊያወጡ ነው» እንላለን!

«ውሃችን እንደ መስታወት የጠራ ነው» የሚሉም አሉ። ጀርም በዓይን ይታያል እንዴ?

የጉድጓዱ አፍ ነገርማ ባይነሳ ይሻላል። በቀዳዳ ቆርቆሮ ሸፍኖ፣ ባልዲውን ከነገመዱ ጭቃ ላይ ጥሎ፣ መልሶ እዚያው መክተት! አፉ በሲሚንቶ ከፍ ይበል፤ ደህና ክዳን ይኑረው፤ ባልዲው ይሰቀል። የሚጠጣውም ይፍላ።

ሽንት ቤት ሊያስቆፍር ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ይለካ። ሜትር ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ በነጻ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ